ቤት ከመፈረማችሁ በፊት ቆጡ ላይ ውጡ

ቤታችንን በገዛን በሦስተኛው ወር፣ ጃንዋሪ ላይ፣ የመኝታ ቤታችን ኮርኒስ ማንጠባጠብ ጀመረ። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው። ዝናብ ከጣለ ሳምንት አልፎታል። ጣሪያው ደግሞ አዲስ ነው። ሻጩ ቤቱን ገበያ ላይ ከማውጣቱ በፊት አስቀይሮታል፤ ማስታወቂያው ላይም ከኩሽናው ግራናይት ቀጥሎ በትልቁ ተጽፏል።

መሰላል አቆምኩና ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለችውን ክዳን ገፍቼ አንገቴን ወደ አቲኩ፣ ማለትም ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ቆጥ አስገባሁ። ሺንግሉን (ጣሪያውን የሚያለብሰውን ንጣፍ) የያዙት ምስማሮች ጫፋቸው ከሥሩ ያለውን ፕላይውድ፣ ማለትም የእንጨት ጣውላ፣ በስቶ ወደ ውስጥ ይወጣል። ባትሪ ሳበራ በእያንዳንዱ ምስማር ጫፍ ላይ አንዳንድ የውሃ ጠብታ እንደ ዶቃ ተንጠልጥሏል። ሌሊቱን በረዶ ሆኖ ያደረ እንፋሎት ነው። ፀሐይ ጣሪያውን ስታሞቀው ይቀልጥና ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጣሪያው አላፈሰሰም። ውሃው የራሳችን ነበር፤ የሻወሩ፣ የወጡ፣ የእንጀራው እንፋሎት።

ከመግዛታችን በፊት ቤቱን የመረመረልንን የኢንስፔክተራችንን ሪፖርት መልሼ አወጣሁት። ገጽ መካከል ላይ "የአቲኩ መግቢያ በዕቃ ስለተዘጋ አልታየም" ይላል። ከመፈረማችን በፊት አንብበነዋል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። በአጭሩ ተሸወድን፤ የሸወድነውም ራሳችንን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት የሚገዛ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ "እስቲ አብረኸን ና" ይለኛል። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም መሰላል ወጥቻለሁ። የምጽፈው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉትን ቤቶች እያሰብኩ ነው፤ ሌላ ስቴት ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

አየሩ እንዴት ነው የሚሄደው?

አገር ቤት እያለን ከኮርኒስ በላይ ያለው ቦታ የአይጥ ሰፈር ነበር። ሌሊት ሲሯሯጡ እንሰማለን እንጂ ማን ወጥቶ ያያል! ማየትም አያስፈልግም ነበር። የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ገጥሞ አይዘጋም፤ አየሩ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። የሳር ቤትማ ጭሱ ራሱ በክዳኑ ውስጥ ተጣርቶ ነው የሚወጣው።

እዚህ ጣሪያው ፕላይውድ ነው፤ በላዩ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ሺንግል ይደረባል። ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ ሆን ተብሎ ቀዳዳ ይተውለታል። አየሩ በታች በኩል፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ በሚወጣበት ክፈፍ ሥር ይገባል። ይህንን ሶፊት ይሉታል። ከዚያ እየሞቀ ወደ ላይ ይወጣና በጣሪያው አናት ላይ ባለው ረጅም ስንጥቅ፣ ሪጅ ቬንት በሚሉት በኩል ይሄዳል። በታች ገብቶ በላይ መውጣት፣ ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። አንዱ ከተዘጋ ሌላው ብቻውን ምንም አይሠራም።

ይህ ሲበላሽ በበጋ አቲኩ እንደ ምድጃ ይሆናል። ጁላይ ላይ 130 ፋራናይት፣ ማለትም 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። ሺንግሉ ከላይም ከታችም ይጠበሳል፣ ኤሲው ያለ ዕረፍት ይሠራል። በብርድ ወቅት ደግሞ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ፕላይውድ ላይ ውሃ ይሆንና ሻጋታ ያበቅላል። የእኛ ሰው ቤት እንፋሎት ይበዛበታል፤ ዶሮ ወጥ ስንት ሰዓት እንደሚንተከተክ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለሌላው ገዢ ትንሽ ጉድለት የሆነው ነገር ለእኛ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ወረቀቱን

ቤቱን ከማየታችሁ በፊት በሪልተራችሁ (በቤት ደላላችሁ) በኩል ሦስት ነገር ጠይቁ። ጣሪያው መቼ ተቀየረ? ደረሰኝና ዋስትና አለ? አሮጌው ተነሥቶ ነው ወይስ በላዩ ላይ ተደርቦ? "በቅርቡ ነው" የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ሻጩ የቤቱን ሁኔታ ዘርዝሮ መግለጽ ወይም "እንዳለ ነው የምሸጠው" የሚለውን ቅጽ መፈረም ይችላል። ሁለተኛውን ቢመርጥም ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ፣ በዓይን የማይታይና እሱ የሚያውቀው ችግር ካለ መናገር አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሻጩ የሚጠበቅበት ጥቂት ነው፤ አጣርቶ መግዛት የገዢው ጣጣ ነው። ኮንዶ ከሆነ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩ ነውና የማኅበሩን የመጠባበቂያ ገንዘብ ሰነድ ጠይቁ። ታውን ሃውስ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት፣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ ነው።

የቤት ኢንሹራንሳችሁ ጋርም ቀድማችሁ ደውሉ። ጣሪያው ካረጀ ሙሉ ወጪውን ላይሸፍኑ ይችላሉ።

ከመንገድ ላይ

ከቤቱ ማዶ ቁሙና ስልካችሁን ዙም አድርጋችሁ እዩ። የጣሪያው አናት ቀጥ ያለ መስመር ነው ወይስ እንደ አሮጌ አልጋ መሐሉ ሰምጧል? ሺንግሎቹ ጠርዛቸው ወደ ላይ ተጠቅልሏል? አሸንዳው ውሃ ወደሚያፈስበት ቦታ ሂዱና መሬቱን እዩ። ጥቁር አሸዋ የመሰለ ነገር ከተከማቸ ሺንግሉ ልብሱን እያወለቀ ነው። ሻጭ "የ30 ዓመት ሺንግል ነው" ቢላችሁ አትመኑ፤ እዚህ አካባቢ ሙቀትና በረዶ እየተፈራረቁበት 20 እና 25 ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው። ባለ አንድ ንብርብሩ ርካሽ ዓይነት ከዚያም ያንሳል።

የጣሪያውን ጠርዝ ከጎን እዩት። ሺንግሉ ወፍራም ሆኖ ሁለት ድርብ ከታየ አሮጌው ላይ ተደርቧል። ሁለት ድርብ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ነው፤ ቀጣዩ ቅየራ ሁሉንም ማንሣት ይጠይቃል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው በሺንግሉ መሐል ሳይሆን አንድ ነገር ጣሪያውን በስቶ በሚወጣበት ቦታ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ የአየር ቧንቧ ሲወጣ ዙሪያውን የጎማ አንገት አለው። ያ ጎማ ከሺንግሉ ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ 10 ዓመት ካለፈው ጠርጥሩ። ጭስ ማውጫው ሥር ያለው ቆርቆሮ በጥቁር ሬንጅ ከተለበጠ አንድ ጊዜ አፍስሶ በርካሽ ተደፍኗል ማለት ነው። ሬንጅ ባየሁ ቁጥር ኪሴን እይዛለሁ።

አሁን ወደ ቆጡ

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ቤት ገዢ ግን ቆጡን ሳያይ ከቀረ ነው የብብቱን የሚጥለው። ከውጭ የሚታየው ጣሪያ ፎቶ ነው። ታሪኩ ያለው ውስጥ ነው።

መግቢያው ብዙ ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ነው። ከቀጠሮው በፊት "የአቲኩ መግቢያ ነፃ ይሁን" ብላችሁ በሪልተራችሁ በኩል በጽሑፍ አስነግሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ሳጥን ተከምሮ ካገኛችሁት በኋላ ማንም አያነሣላችሁም። ኤን-95 ማስክና እጀ ሙሉ ልብስ ያዙ። በበጋ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ውስጥ መራመድ አያስፈልጋችሁም፤ መሰላሉ ላይ ቆማችሁ በባትሪና በስልክ ካሜራ አብዛኛውን ታያላችሁ። መግባት ግድ ከሆነባችሁ እግራችሁ እንጨቱ ላይ ብቻ ይረፍ። በእንጨቶቹ መሐል ያለው ቀጭን ድራይዎል፣ የኮርኒሱ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ ከረገጣችሁት ሳሎን ውስጥ ትወርዳላችሁ።

ባትሪውን ከማብራታችሁ በፊት በጨለማው ትንሽ ጠብቁ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ብርሃን ፈልጉ። በጣሪያው ግርጌ ዳር ዳሩን ስስ ብርሃን ከገባ ሶፊቱ ክፍት ነው፤ ደስ ይበላችሁ። አናቱ ላይም ረጅም ስንጥቅ መታየት አለበት። ሌላ ቦታ፣ በተለይ ቧንቧና ጭስ ማውጫ ዙሪያ፣ ብርሃን ካያችሁ ግን ውሃም በዚያው ይገባል።

የእኛ ቤት ትልቁ ጉድ እዚህ ላይ ነበር። ከውጭ ሶፊቱ ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነው። ከውስጥ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ለካ ፕላስቲኩን የለበጡት አሮጌው እንጨት ላይ ነው፤ እንጨቱን ማንም አልበሳውም። አናቱ ላይም ሪጅ ቬንቱ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ፕላይውዱ አልተቆረጠም። ኮፍያ ብቻ ነው። አዲስ ጣሪያ የተባለው ለመታየት እንጂ ለመተንፈስ አልተሠራም ነበር።

ቀጥሎ ባትሪውን አብሩና ምስማሮቹን እዩ። ንጹሕና ብርማ ከሆኑ ጥሩ። ከዛጉ፣ በዙሪያቸውም ጥቁር ክብ ከሠሩ፣ በብርድ ወቅት ላብ ሲያልባቸው ከርሟል ማለት ነው። ይህን ምልክት በጁላይም ታገኙታላችሁ፤ ዝገት አይደበቅም።

የፕላይውዱን ቀለም እዩ። ሁለት ዓይነት ጥቁረት አለ፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ ቧንቧ ወይም ጭስ ማውጫ አጠገብ፣ ዳርቻው እንደ ቡና ሲኒ ክብ የሆነ ነጠብጣብ ከሆነ ጣሪያው አፍስሷል። ጥቁረቱ በሰፊው ከተበተነ፣ በተለይ ፀሐይ በማታየው በሰሜኑ በኩል ከበዛ፣ ችግሩ የአየር ነው። እንጨቱን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን በሉት። ከገባ በስብሷል። የእርጥበት መለኪያ የያዘ ሰው ካለ አስለኩ፤ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት አያስተኛም። ፕላይውዱ በሙሉ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁት ደግሞ ጠይቁ። አቲክ ለጌጥ ቀለም የሚቀባ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ቧንቧዎቹን ቁጠሩ። ቤቱ ሦስት መታጠቢያ ቤት ካለው የእያንዳንዱ ፋን ቱቦ እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ የት እንደሚያልቅ እዩ። በጣሪያ ወይም በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የእኛው ኢንሱሌሽኑ (ሙቀትና ብርድ እንዳያልፍ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው) ላይ ተጋድሞ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ስንታጠብ የከረምነው አቲኩን ነው። አንዳንዱ ቱቦ ሶፊቱ ጋ ያልቃል፤ ይህም ያው ነው፣ እንፋሎቱ በዚያው ተስቦ ይመለሳል። ከምድጃው በላይ ያለው የኩሽናው ጭስ መሳቢያ፣ ሁዱስ? ብዙዎቹ አየሩን አጣርተው ፊታችሁ ላይ የሚመልሱ ናቸው። ምጣድና ትልቅ ድስት የማይወርድበት ቤት ከሆነ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሁድ ፈልጉ፣ ወይም ወጪውን አስቡት።

ኢንሱሌሽኑ ብዙ ሲሆን ጥሩ ነው፤ አር-49 ለሚባለው ደረጃ እንደ ዓይነቱ 15 ኢንች አካባቢ ጥልቀት ይጠይቃል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ግን ዳር ድረስ ተጠቅጥቆ ሶፊቱን ከደፈነ ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል። ዳር ዳሩን አየሩ የሚያልፍበት የፎም ወይም የካርቶን ቦይ መኖር አለበት፤ ከፕላይውዱ ሥር ቢያንስ 1 ኢንች ክፍተት ይጠብቃል።

ኢንሱሌሽኑ እንደ ጠጠር ፈታ ፈታ ያለ፣ ግራጫ ወይም ወርቃማ፣ እንደ አኮርዲዮን የተደራረበ ቅርፊት ከሆነ እንዳትነኩት። ቨርሚኩላይት ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው አብዛኛው ሞንታና፣ ሊቢ ከሚባል ቦታ የወጣና ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነው። የማዕድን ማውጫው በ1990 ተዘግቷል፣ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ግን አሁንም አለ። ክዳኑን መልሳችሁ ውረዱ፤ ባለሙያ ያስመርምረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፕላይውዱ ሥር አረፋ የመሰለ ስፕሬይ ፎም በሙሉ ተለጥፎ ካያችሁ ቬንት አትፈልጉ። ያ አቲክ ታሽጎ እንዲኖር የተሠራ ነው፣ ሕጉ ሌላ ነው።

በ1980ዎቹ የተሠራ ታውን ሃውስ ከሆነ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ብዙዎቻችን የምንገዛው እነዚህን ስለሆነ ነው። በዚያ ዘመን በዚህ አካባቢ በሁለት ቤቶች መሐል ያለው የጋራ ግድግዳ ከጣሪያው በላይ እንዲወጣ ከማድረግ ይልቅ፣ ከግድግዳው ግራና ቀኝ 4 ጫማ ያህል እሳት እንዳይዛመት በኬሚካል የታከመ ፕላይውድ ይጠቀሙ ነበር። በበጋ ሙቀት ኬሚካሉ እንጨቱን ራሱን ይበላው ጀመር። የጋራ ግድግዳውን ተከትሎ ያለው ፕላይውድ ከሌላው ተለይቶ ጠቁሮ ቡናማ ከሆነ፣ ስትነኩት እንደ ድርቆሽ የሚሰባበር ከሆነ፣ መቀየር አለበት። ከላይ መርገጡ አደገኛ ነው። በዚያ መስመር ላይ አዲስ ነጣ ያለ ፕላይውድ ካያችሁ አንድ ሰው ቀድሞ ቀይሮታል፤ ደረሰኙን ጠይቁ።

ትንሽ ሒሳብ

የተለመደው ሕግ ለየ150 ካሬ ጫማ የአቲክ ወለል 1 ካሬ ጫማ የተጣራ የአየር ክፍተት፣ ማለትም ወንፊቱና ክፈፉ ተቀንሶ አየር የሚያልፍበትን ብቻ፣ ይጠይቃል። ከክፍተቱ ከ40 እስከ 50 በመቶው በላይ፣ ቀሪው በታች ከሆነ በ300 ማካፈል ይቻላል።

20 በ36 የሆነ ታውን ሃውስ እንውሰድ፤ 720 ካሬ ጫማ ነው። በ300 ሲካፈል 2.4 ካሬ ጫማ ይሆናል። አንድ ካሬ ጫማ 144 ካሬ ኢንች ስለሆነ 345 ካሬ ኢንች ገደማ ነው። ግማሹ 173 በላይ፣ ግማሹ 173 በታች። ሶፊቱ በአንድ ጫማ 9 ካሬ ኢንች የሚያስገባ ቢሆን፣ የፊትና የኋላው 40 ጫማ 360 ይሰጣል። በቂ ነው፣ ካልተደፈነ። የየዕቃው ልክ አምራቹ ያወጣው መረጃ ላይ አለ።

ቬንት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሪጅ ቬንት ላለው ጣሪያ የኤሌክትሪክ ፋን የሚጨምሩ አሉ። ፋኑ አየሩን ከሶፊቱ መሳቡን ትቶ ቅርቡ ካለው ከሪጁ ይስባል፤ ታችኛው አየር ቆሞ ይቀራል። አንዳንዴም ኤሲ ያቀዘቀዘላችሁን አየር ከቤት ውስጥ ይመጥጣል።

ኢንስፔክተሩና ድርድሩ

ስትቀጥሩት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "አቲክ ውስጥ ትገባለህ ወይስ ከበር ታያለህ?" የሚገባውን ውሰዱ፣ ቢወደድም። እናንተም በዕለቱ ተገኙ። ሪፖርቱ ላይ "አልታየም" የሚል ቃል ካለ ያ ክፍል አልተመረመረም፤ በውሉ ላይ ያለው የምርመራ ቀነ ገደብ ሳያልቅ ተመልሶ እንዲያይ አድርጉ። ሻጭ ብዙ ተጫራች አለኝ ሲል ምርመራውን ትተው የሚፈርሙ አሉ። ጫናው ይገባኛል። እንዲያ ከሆነ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ኢንስፔክተሩን ለአንድ ሰዓት ይዛችሁ ግቡ።

ችግር ከተገኘ ሻጩ ያስጠግን ወይስ ዋጋ ይቀንስ? የእኔ ምርጫ ቅናሹ ነው። ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው ርካሹን ሠራተኛ ነው የሚቀጥረው፤ እኛ ያን አይተናል። ከሁለት የጣሪያ ሠራተኞች የጽሑፍ ዋጋ አስወጡና ይዛችሁ ተነጋገሩ። ዋጋው ላይ ሺንግሉ ብቻ ሳይሆን ሪጁን መቁረጥ፣ ሶፊቱን መክፈትና የፋን ቱቦዎችን ወደ ውጭ ማውጣት ተለይቶ ይጻፍ። የፋን ቱቦ ብቻ ከሆነ ትንሽ ሥራ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ጥሩ ቤት አትልቀቁ። የበሰበሰ ፕላይውድና የተቆረጠ የጣሪያ እንጨት ካለ ግን እኔ ወደ ሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ።

እኛ ሶፊቱን አስከፈትን፣ ሪጁን አስቆረጥን፣ ቱቦዎቹን አስወጣን። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ሻጋታውን አስጸድቶ አየሩን ያላስተካከለ በዓመቱ ይደግመዋል። ቤቱ ውስጥ ከገባችሁ በኋላም ከባድ ብርድ ባደረበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ፀሐይ ጣሪያውን ሳትመታው፣ አንዴ መሰላሉን አውጡ። ምስማሮቹ ደረቅ ከሆኑ ክዳኑን መልሱና ቡናችሁን ጠጡ።